ሦስተኛው ደብተር

«አንድ ሰው ስንት ደብተር ነው የሚያሰልፈው?» አለ ከኋላዋ የቆመው ልጅ።

እስከዳር ጎንበስ ብላ ሦስተኛውን ደብተር ከሁለቱ ቀጥሎ ደረጃው ላይ አስቀመጠችና ነፋስ እንዳይገልጠው ጠጠር ጫነችበት። ገና ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። መብራት በጠፋበት ቤት በዳበሳ ለብሳ፣ በአንድ ኩባያ ውኃ ፊቷን ታጥባ ነው የወጣችው። አሁን ደግሞ ይሄ ልጅ።

«አንቺን እኮ ነው!»

«አርፈህ የራስህን አታስቀምጥም? የቤተ መጻሕፍቱ ጠበቃ ነህ?»

ልጁ እያጉረመረመ ደብተሩን አራተኛ አድርጎ አስቀመጠ። እስከዳር ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ልጁ ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ እንደዚህ አትናደድም ነበር። ያበሸቃት ልክ መሆኑ ነው።

መቀሌ ውስጥ የውኃ ቦቴ በሚመጣበት ቀን ጀሪካን ይሰለፋል እንጂ ሰው አይሰለፍም። ባለቤቱ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ወሬውን ይሰልቃል፣ ጀሪካኑ ተራ ይጠብቅለታል። በሰፈሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም ልጆቹ ይህንኑ አመጡት፤ እዚህ የሚሰለፈው ደብተር ነው። ሁለት ሰዓት ላይ አቶ ገብረሃንስ በሩን ከፍተው፣ ደብተሮቹን ከላይ ወደ ታች እየቆጠሩ፣ ከብስኩት ካርቶን የተቆረጠ ቁጥር ያድላሉ። ወንበሩ አርባ ነው፣ ቁጥሩም አርባ። አርባ አንደኛው ደብተር ከነባለቤቱ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ከሦስቱ ደብተሮች አንዱ የእሷ ነው። ሁለተኛው ለታላቅ ወንድሟ ለዳኒ፣ ሦስተኛው ለዳኒ ጓደኛ ለሔሩይ ቦታ የሚይዙ ናቸው። ሁለቱም ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ሥራ ሲያጡ ኦንላይን ሥራ የጀመሩ ናቸው። ባሕር ማዶ ያለ አንድ ድርጅት የመንገድ ፎቶዎች ይልክላቸዋል፤ እነሱ፣ ኮምፒውተር ነገሮቹን መለየት እንዲማር፣ በእያንዳንዱ ብስክሌት፣ በእያንዳንዱ የትራፊክ መብራት፣ በእያንዳንዱ እግረኛ ዙሪያ ሳጥን ይስላሉ። ዳኒ እግሩ ረግጦት የማያውቀውን ከተማ መንገድ ከመቀሌ አስበልጦ ያውቀዋል። ቤት መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል፣ ካፌ ደግሞ ማኪያቶ ሳያዝዙ መዋል አይቻልም። ቤተ መጻሕፍቱ ግን ነፃ ዋይፋይ አለው፣ መብራት ሲሄድ የሚተካ ሶላር አለው፣ በመስኮቱ በኩል ደግሞ ስድስት ሶኬት አለው። ስለዚህ የመስኮቱ ረድፍ ቢሮ ከሆነ ወራት አለፉት። አንዱ በኢርፎን እንግሊዝኛ ያንሾካሹካል፣ አንዱ ዲቫይደር ይዘረጋል፣ አንዱ ከላይ ሸሚዝ ከታች ቱታ ለብሶ ከአለቃው ጋር በካሜራ ይነጋገራል።

ይሁን፣ ይሥሩ። እስከዳርን ያንገበገባት ጃኬቶቹ ናቸው። ዳኒ የሚመጣው ሦስት ሰዓት ላይ ነው፣ ሔሩይ አራት ተኩል ላይ። እስከዚያ ድረስ ወንበሮቹ ላይ የሚቀመጡት ሁለት ጃኬቶች ናቸው፤ በየጠዋቱ ተሸክማ የምታመጣቸውም እሷ ናት።

«ላንቺ ምን ይከብድሻል?» ይላል ዳኒ። «ለራስሽ ስትይዢ ለኛም ጣል ማድረግ ነው። በናትሽ፣ እስኩ!»

መጀመሪያ ሰሞን አልከበዳትም ነበር። አሁን ግን ሰኔ ገብቷል፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። እስከዳር አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ጦርነቱ ትምህርት ቤቶቹን ዘግቶ ዓመታት ስለበላባቸው፣ ጢም ማብቀል የጀመሩት የክፍሏ ወንዶች ሳይቀሩ ገና ስምንተኛ ክፍል ናቸው። በትምህርት ቤታቸው አንድ መማሪያ መጽሐፍ ለአምስት ነው። ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፎቹ አሉት፤ ግን እዚያው ተቀምጠው የሚያነቧቸው እንጂ ይዘው የሚወጡት አይደሉም። ወንበር ያላገኘ መጽሐፍ አላገኘም ማለት ነው።

ትናንት ወንበር ካላገኙት አንዷ የቅርብ ጓደኛዋ ትምኒት ነበረች። አርባ ሁለተኛ። ትምኒት ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ሥር፣ ስድስት ሆነው በሚኖሩበት አንድ ክፍል ውስጥ ነው ያለችው፤ ጠዋት ውኃ ሳትቀዳ አትወጣም። ጎበዝ ተማሪዎች ተመርጠው የሚገቡበት ቃላሚኖ ትምህርት ቤት ገብታ መማር ትፈልጋለች። ይህን ለማንም አትናገርም፣ ለእስከዳር ብቻ ነግራታለች። ትናንት ማታ ወደ ቤት ሲሄዱ፣ እንደ ልማዳቸው አማርኛና ትግርኛውን እያቀላቀሉ ሲያወሩ፣ እንዲህ ብላ ጠየቀቻት፦

«በመስኮት አየሁ እኮ። ሁለት ወንበር ላይ ጃኬት ብቻ ነው ያለው፣ አንዱማ እስከ አራት ሰዓት! ማን ነው ደብተር የሚያስቀምጥላቸው? ታውቂያለሽ?»

«እኔ ምን አውቄ» አለች እስከዳር።

ቃሉ ከአፏ የወጣው ሳታስበው ነው። ከወጣ በኋላ ግን አልመለሰችውም።

ሁለት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲቀረው ትምኒት እያለከለከች መጣች። ነጠላ ጫማዋ ውኃ ነክቶታል። ደረጃውን ከታች ወደ ላይ ስትቃኝ ፊቷ ወደቀ፤ ዛሬም ከአርባ በላይ ደብተር ተሰልፏል። ከዚያ ዓይኗ የላይኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብላ ቆመች።

«እስኩ!»

«ምን ሆንሽ?»

«ዋይ፣ እስኩ! ለኔ ያዝሽልኝ?»

እስከዳር ወደ ሦስተኛው ደብተር ዞረች። ሽፋኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ በዚያ በተስተካከለ ጽሕፈት፣ «ትምኒት ኣፅብሃ፣ ሳይንስ» ይላል። ከወር በፊት ታይፎይድ ይዟት ከትምህርት ቤት በቀረች ጊዜ ትምኒት ያዋሰቻት ደብተር ነው። ማለዳ ለሔሩይ የሚሆን ደብተር ከመደርደሪያው ላይ በጨለማ ስትጎትት እጇ የገባው እሱ ነበር። ከነጋ በኋላም እንኳ አላየችውም።

«ሓቂ ሌሊቱን አልተኛሁም» አለች ትምኒት፣ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ። «ዛሬም ከተመለስኩ በቃ፣ አለቀልኝ ብዬ ነበር። የቐንየለይ፣ አመሰግናለሁ ሓፍተይ።»

እስከዳር ውስጥ «ንገሪያት፣ አሁን ንገሪያት» እያለ የሚጮህ ነገር ነበር። ግን እንደዚህ ተጠምጥማባት እንዴት ትንገራት? ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስም ብሏታል። ባልሠራችው ሥራ መመስገን ለአፍታ ይጣፍጣል። ስልኳን አውጥታ ለዳኒ ጻፈች፦ «ዛሬ ለሔሩይ ቦታ የለም። ንገረው።»

መልሱ ቶሎ ደረሰ፦ «ቀልድ ተይ።»

አቶ ገብረሃንስ በሩን ከፍተው ቁጥር አደሉ። እስከዳር የአንደኛና የሁለተኛውን ወሰደች፣ ትምኒት የሦስተኛውን። በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ። እስከዳር ጃኬቶቹን አላወጣችም፤ በመካከላቸው ባለው የዳኒ ወንበር ላይ ቦርሳዋን አስቀመጠች። ትምኒት ስለ ቦርሳው የጠየቀችው ነገር የለም። የሳይንሱን መጽሐፍ ከመደርደሪያው አምጥታ ስለ ኤሌክትሪክ ዑደት የሚያወራውን ምዕራፍ ከፈተችና ጠፋች። ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አንድ ሰዓት ሙሉ ቀና አላለችም።

እስከዳር ግን አንድ ገጽ እንኳ ማንበብ አልቻለችም። ዓይኗ በሩ ላይ ነበር።

ዳኒ ሦስት ሰዓት ላይ ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ ገባ። ቦርሳዋን አንስቶ እግሯ ሥር አስቀመጠና ወደ ትምኒት ጎንበስ አለ።

«እህት፣ ይቅርታ። ይሄ ቦታ ተይዟል።»

«አዎ፣ በኔ» አለች ትምኒት ፈገግ ብላ። ደብተሯን አንስታ አሳየችው። «ሦስተኛ ነበርኩ።»

ዳኒ ደብተሩን ተቀብሎ ሽፋኑን አየ። ከዚያ ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ነገሩ በእውነት አስቆት ነው።

«እስኩ፣ ይሄን ነው ያሰለፍሽው? አንቺ ልጅ ዓይንሽን ተመርመሪ!» ወደ ትምኒት ዞረ። «ተሳስተሽ ነው እህት። እሷ በየቀኑ ሦስት ቦታ ትይዛለች፣ ለራሷ፣ ለኔና ለጀለሴ። ዛሬ በስህተት ያንቺን ደብተር አንስታ ወጥታ ነው።»

«በየቀኑ?» አለች ትምኒት።

«በየቀኑ።»

«ትናንትም?»

«ትናንትም። ምነው?»

በረድፉ ያሉት ሁሉ ቀና አሉ። ከአለቃው ጋር የሚነጋገረው ባለ ሸሚዝ ሳይቀር ማይኩን ዘግቶ ዞረ። ትምኒት ዳኒን ትታ እስከዳርን አየቻት። ገና አላመነችም። አንድ ቃል ትጠብቃለች። እስከዳር «ለሷ ነው የያዝኩት፣ አንተን ማን ጠየቀህ?» ብትል ይበቃ ነበር። ውሸት ነው፣ ግን ትናንት ለራሷ ስትል ዋሽታ የለም? ዛሬ ለትምኒት ብላ መዋሸት እንዴት አቃታት? አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችውና ዓይኗን የተከፈተው ገጽ ላይ ተከለች።

ትምኒት የሚያስፈልጋትን መልስ አገኘች።

መጽሐፉን ዘጋች። ወስዳ በቦታው፣ በቁጥሩ አስቀመጠችው። ተመልሳ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ገፋች፣ የካርቶን ቁጥሯን ጠረጴዛው ላይ ተወች፣ ደብተሯን ከዳኒ እጅ ወሰደች። ይህን ሁሉ ያደረገችው በእርጋታ ነው። ጮኻ ብትሰድባት፣ ደብተሩን ፊቷ ላይ ብትወረውርባት ለእስከዳር ይሻላት ነበር። እንዲህ ጨዋ ሆና ስትወጣ እስከዳር ጥርሷን ነከሰች። በማን እንደተናደደች ለይታ አታውቅም፤ በሁሉም ነው፣ ከሁሉም በላይ በራሷ።

ዳኒ በባዶው ወንበር ላይ የላፕቶፑን መያዣ አስቀመጠ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆነ። ሦስት ተኩል። በር ላይ ሁለት ልጆች መጥተው አቶ ገብረሃንስ በእጃቸው መለሷቸው። አራት ሰዓት። ዳኒ በአንድ ብስክሌት ዙሪያ ሳጥን ሳለ፣ ከዚያ በሌላ። ወንበሩ ላይ ያለው መያዣ ሳይንስ አያነብም፣ ፈተና የለበትም፣ ቃላሚኖ መግባት አይፈልግም። እስከዳር ወደ ወንድሟ ዞረች።

«ዳኒ፣ መያዣውን አንሣ» አለችው።

«ሔሩይ እየመጣ ነው።»

«አንድ ሰዓት ሙሉ ባዶ ነው እኮ!»

«ቀስ በይ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«ሥራህ ገደል ይግባ!»

ድምፅዋ በአዳራሹ አስተጋባ። አቶ ገብረሃንስ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋቸው። በጣታቸው በሩን አሳዩ።

ወንድምና እህት ደረጃው ላይ ቆሙ። ፀሐዩ ጠንክሯል።

«ምን ነካሽ? ሼም አይዝሽም?» አለ ዳኒ። «ዛሬ አምስት መቶ ፎቶ ካላስረከብኩ አካውንቴን እንደሚዘጉት ታውቂያለሽ? የት ሄጄ ልሥራ? ቤት መብራት አለ? ይሄ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው፣ እኔስ ሕዝብ አይደለሁም?»

«ሕዝብ ነህ! ማን አይደለህም አለህ? ግን ሕዝብ ማለት ጃኬት ነው እንዴ? ትምኒት ውኃ ቀድታ፣ ከእንዳ ኢየሱስ ሮጣ መጥታ ትመለሳለች፣ ያንተ ጃኬት ቁጭ ብሎ ያነባል! ተነሥና ራስህ ተሰለፍ! ሔሩይም ይነሣ!»

«እሺ፣ እኔ ሰነፍ ነኝ። ይሁን» አለ ዳኒ። እሱም ተናዶ ነበር፣ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ልጅቷ ጓደኛሽ መሆኗን ነግረሽኛል? ወንበር እንዳጣች አንድ ቀን ነግረሽኛል? ትናንትስ የማን ደብተር ነው ብላሽ ነበር መሰለኝ፣ ምን አልሻት? ትናንትም ብላ ስትጠይቀኝ ፊቷን አይቼዋለሁ እኮ። እኔ ነኝ ያስዋሸሁሽ?»

እስከዳር እውነቱን ሲነግሯት ያን ያህል የሚያናድዳት አይመስላትም ነበር። ዞራ ደረጃውን ወረደች፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳትይዝ።

እንዳ ኢየሱስ ድረስ ሄደች። የትምኒት እናት በር ላይ ሽሮ እየነፉ ነበር፤ ትምኒት ከውስጥ እስከዳርን አየቻትና መጋረጃውን ለቀቀችው። እናትየው አንዴ መጋረጃውን አንዴ እስከዳርን አዩ።

«ግቢ ጓለይ፣ ግቢ ልጄ» አሉ።

«ይቅርብኝ» አለች እስከዳር። ተመለሰች።

ማታ ዳኒ ቦርሳዋን አምጥቶላት ነበር። ራት ላይ አልተነጋገሩም። እናታቸው ምን ሆናችሁ ቢሉ ሁለቱም «ምንም» አሉ፤ አባታቸው አቶ ፈለቀም ሬዲዮናቸውን ከፍ አደረጉ። ሊተኙ ሲሉ ዳኒ ሁለት ደብተሮች ይዞ መጣና የቦርሳዋ አጠገብ አስቀመጣቸው። ሽፋናቸው ላይ በትልቁ «ዳኒ» እና «ሔሩይ» ብሎ ጽፎባቸዋል።

«ነገ እንዳትሳሳቺ» አለ። ለመታረቅ የቀለደ ይመስላል።

እስከዳር አላየችውም።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረጃው ባዶ ነበር። እንደገና የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ከቦርሳዋ አንድ ደብተር አወጣች፣ የራሷን፣ ላይኛው ደረጃ ላይ አስቀመጠችና ቆመች። የትናንቱ ልጅ መጣ። ከኋላዋ ቆሞ ደረጃውን አየ፣ እሷን አየ፣ የቀሩትን ደብተሮች የሚጠብቅ ይመስል ቦርሳዋን አየ። ከዚያ የራሱን ሁለተኛ አድርጎ አስቀመጠ።

«ምን ታያለህ?» አለችው።

«ምንም።»

ልጆች በየተራ መጡ። ደብተሮቹ ደረጃውን ጨርሰው ወደ ግቢው አሸዋ ወረዱ። እስከዳር ትቆጥር ነበር። ትምኒት ስትደርስ ሠላሳ ስምንት ሰው ቀድሟት ነበር። የዳኒና የሔሩይ ደብተሮች ተጨምረው ቢሆን ኖሮ አርባ አንደኛ ትሆን ነበር። ትምኒት ይህን አታውቅም፣ እስከዳርም ልትነግራት አልፈለገችም። ትምኒት የሳይንስ ደብተሯን አሸዋው ላይ አስቀምጣ እጆቿን አጣምራ ቆመች። ወደ ላይ ቀና አላለችም።

እስከዳር ደብተሯን አነሣች። ጠጠሩን ወደ ጎን ጣለችው።

«ተራሽን ትተሽ የት ነው?» አለ ሁለተኛ የተሰለፈው ልጅ።

«ውሰደው» አለችው።

ደረጃውን ወረደች። በሰልፉ ጎን አልፋ ከትምኒት ኋላ ደብተሯን አስቀመጠችና ቆመች። ልትናገር ያዘጋጀችው ነገር ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ በቃሏ ይዛዋለች። ትምኒት ግን ትከሻዋን እንኳ አላነቃነቀችም። እስከዳር ያዘጋጀችውን ዋጠችው።

ሁለት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ዳኒ፣ አንዳች ነገር እንደጠረጠረ ሁሉ ከወትሮው ሰዓት ቀድሞ፣ በሩጫ መጣ። የጫማው ክር አልታሰረም። የላይኛውን ደረጃ አየ፣ ከዚያ ደብተሮቹን አንድ በአንድ እያየ ወረደ፣ እህቱ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«የኛስ?»

እስከዳር በአገጯ ከኋላዋ ያለውን ሰልፍ አሳየችው። ከእሷ በኋላ ሌሎች ስምንት ልጆች ተሰልፈዋል።

«እስኩ፣ ሥራዬ እኮ ነው።»

«ዋይፋዩ ደረጃው ላይ ይደርሳል» አለች። «ነገ ቀድመህ ተነሥ።»

ዳኒ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። የሰልፉ ልጆች ሁሉ እያዩት ነበር። ትምኒትም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዞራ አየችው፤ ከእሱ አልፋ ግን እስከዳርን አላየችም። ዳኒ የሆነ ነገር አጉረመረመና ሄዶ የደረጃው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ከፈተ።

በሩ ተከፈተ። አቶ ገብረሃንስ በካርቶኖቹ እየጠቆሙ መቁጠር ጀመሩ፣ ሰልፉም መጠጋት ያዘ። ልጆቹ ደብተራቸውን እያነሡ ወደ ላይ ገፉ። እስከዳር ግን የትምኒትን ጀርባ እያየች ቆማ ቀረች።

«ደብተርሽን አንሺ» አለች ትምኒት፣ ሳትዞር። ድምፅዋ ደረቅ ነበር። «ይረገጥብሻል።»

እስከዳር ጎንበስ ብላ ደብተሯን አነሣች። አሸዋውን በመዳፏ አራገፈችና አንድ እርምጃ ተጠጋች።